የሸማው ባለቤት

ምንባብ፣ ሰዋስውና የጉብኝት ድርሰት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፣
1. የጉብኝት ድርሰት ከተራ የውሎ ዝርዝር የሚለይበትን ጠባይ ታስረዳላችሁ፤
2. አድራጊና ተደራጊ ግሦችን ለይታችሁ በተገቢው ስፍራ ትጠቀማላችሁ፤
3. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ የእጅ ሥራ ጎብኝታችሁ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

መግቢያ

አንድ ሰው ወደ አንድ ስፍራ ሄዶ ያየውንና የተረዳውን ለሌላ ሰው ለማካፈል የሚጽፈው ጽሑፍ የጉብኝት ድርሰት ይባላል። ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ድርሰት ሲጽፉ፣ «ጠዋት ተነሣን፤ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ብዙ ነገር አየን፤ በጣም ደስ አለን፤ ማታ ተመለስን» ብለው ይፈጽማሉ። በዚህ አጻጻፍ አንባቢው የሚያገኘው የመንገደኛውን ውሎ እንጂ የተጎበኘውን ነገር አይደለም።

ድርሰትን ከሸማ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሸማ ድርና ማግ አለው። ድሩ አስቀድሞ ይወጠራል፤ ማጉ በድሩ መካከል እየተመላለሰ ጨርቁን ይሞላዋል። በጉብኝት ድርሰትም የጉዞው ቅደም ተከተል ድር ነው። ጸሐፊው በየስፍራው ያስተዋለው፣ የጠየቀውና ያሰበው ደግሞ ማግ ነው። ድር ብቻውን ክር ነው፤ ሰው አይለብሰውም።

ቀጥሎ ያለው ምንባብ በአዲስ ከተማ በሚኖር በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንደበት የቀረበ ነው። በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በሁለተኛው ንባብ ግን ጸሐፊው ምን እንዳስተዋለና ምን እንደ ጠየቀ እየለያችሁ በደብተራችሁ መዝግቡ።

ምንባብ፤ ከሸማ ተራ እስከ ስድስት ኪሎ

የታላቅ እኅቴ ሠርግ ሲቃረብ አያቴ ነጠላ ሊገዙ ወደ ሸማ ተራ ለመሄድ ተነሡ። ዕቃ የሚይዝላቸው ሰው ያስፈልግ ስለ ነበር እኔ ተከትዬአቸው እንድሄድ ታዘዝሁ። እውነቱን ለመናገር አካሄዴ የደስታ አልነበረም። በዚያ ሳምንት መምህራችን የጉብኝት ድርሰት እንድንጽፍ አዝዘውን ነበርና ቅዳሜን በቤተ መዘክር ለመዋል ቈርጬ ነበር። መርካቶን በየቀኑ አየዋለሁ። በየቀኑ የሚታይ ነገር ይጎበኛል ብዬ አላሰብሁም።

መርካቶ ዛሬ ባለበት ስፍራ የተቋቋመው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ወራሪው መንግሥት ነጩንና ጥቁሩን በየሰፈሩ ለመለየት ሲል በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ገበያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው። መርካቶ የሚለው ስምም «ገበያ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። ገበያተኛው ግን ስፍራውን ከፋፍሎ በራሱ ቋንቋ ሰየመው፤ ጎማ የሚሸጥበትን ጎማ ተራ፣ በርበሬ የሚሸጥበትን በርበሬ በረንዳ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበትን ምናለሽ ተራ አለው። ሸማ ተራም ስሙን ያገኘው እንደዚሁ ነው።

ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ስንደርስ አንድ ወጣት፣ «እማማ፣ ይግቡ፤ ለሠርግ የሚሆን አለ» ብሎ ጥለቱ የሚያብረቀርቅ ነጠላ ዘረጋልን። ቀለሙ ዐይን ይስባል፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። እኔ «ይህ ይሁን» ለማለት አፌን ስከፍት አያቴ ነጠላውን ተቀብለው ገለበጡት። የፊቱን አበባ አላዩትም፤ የተመለከቱት ጀርባውን ነበር።

«ና እይ፣ ልጄ» አሉኝ። «በፊት ደምቆ በጀርባ ደብዝዟል። ይህ ጥለት ታትሟል እንጂ አልተሸመነም።»

ወጣቱ ፈገግ አለና ወደ ውስጥ ተጣራ። ከሱቁ ጥግ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተነሥተው ከመደርደሪያው ሌላ ነጠላ አወረዱ። አያቴ እንደ ልማዳቸው ገለበጡት። በዚህኛው ጀርባ ላይ ባለ ቀለሞቹ ክሮች በድሩ መካከል እየገቡና እየወጡ ጥበቡን ሲሠሩ የሄዱበት መንገድ ይታያል። አያቴ መንገዱን በጣታቸው ጫፍ ተከተሉት። «ይኸውልህ፤ የሰው እጅ ያለፈበት ይህ ነው» አሉኝ።

«ሥራውን ያውቁታል መሰለኝ፣ እትዬ» አሉ ነጋዴው።

«ያረጀሁት ስፈትል ነው። ባለቤቴም ሸማኔ ነበሩ። ሠርተው የሚያስረክቡት ለዚሁ ተራ ነበር» ብለው አያቴ የወንድ አያቴን ስም ነገሯቸው።

ሽማግሌው ሜትራቸውን አስቀመጡ። «የእርሳቸውንማ እጅ ዐውቀዋለሁ! ጠርዛቸው አይላላም ነበር። ከመቶ ነጠላ መካከል የእርሳቸውን ለይቼ አወጣዋለሁ። ዛሬ ግን አንድም የለኝም» አሉና ዝም አሉ። ቀጥለውም ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ ስለ ተነሣው እሳት አወሩልን። በዚያ ሌሊት የብዙ ነጋዴዎች ሀብት ወድሟል። የእርሳቸውም ሱቅ ከተቃጠሉት አንዱ ነበርና አሁን የሚሠሩት በልጃቸው ሱቅ ነው።

«ገንዘብ ቢጠፋ በሥራ ይተካል» አሉ። «ያልተተካልኝ ሌላ ነው። እያንዳንዱን ሸማ አይቼ፣ ይህ የሽሮ ሜዳው ዶርዜ ሥራ ነው፣ ይህ የእገሌ እጅ ነው እል ነበር። ያንን ሁሉ በወረቀት አላሰፈርሁትም። አሁን ሸማው ሲጠፋ ስሙም ከልቤ እየጠፋ ነው።»

እኔ በዚያን ጊዜ ፊቴን ወደ መሬት ደፋሁ። ያፈርሁበት ምክንያት ነበረኝ። ከአንድ ወር በፊት መምህራችን የአያቶቻችንን ሥራ በየተራ ሲጠይቁን እኔ፣ «አያቴ ነጋዴ ነበሩ» ብዬ መልሼ ነበር። ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ሸማቸውን ወደ ገበያ አውጥተው ይሸጡ ነበርና። ሆኖም «ሸማኔ» የሚለውን ቃል ያልተናገርሁት ከኋላዬ የተቀመጡት ልጆች እንዳይሥቁብኝ ብዬ ነው። አንድ ነጋዴ ግን በሞቱ በብዙ ዓመታቸው የአያቴን ጠርዝ ያስታውሳል።

ነጠላውን ገዝተን ስንመለስ አያቴ ስለ ሥራው በመንገድ ነገሩኝ። ጥጡ በመጀመሪያ ይዳመጣል፤ ይህም በድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት እየተዳመጠ ፍሬው ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ በልቃቂት ይጠቀለላል። እስከዚህ ድረስ ያለው የሴቶች ሥራ ነበር። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ፣ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሳል። «አያትህ ሲሠሩ ድምፁን ሰምቼ ደክሟቸው እንደሆነ ዐውቅ ነበር» አሉኝ። እኔ በዚያ ቤት ዐሥራ አምስት ዓመት ስኖር ይህን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ቤተ መዘክር ስሄድ አያቴን ይዤ ሄድሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ በትላልቅ ዛፎች የተሸፈነ ስለሆነ ከመርካቶ ጫጫታ ለመጣ ሰው ሌላ አገር ይመስላል። በዛፎቹ መካከል ያለው ሕንፃ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጥተውት በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ተከናወነ። በኋላም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሰበሰባቸው የባህል ዕቃዎች የሚታዩት በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ሆነ።

ትርኢቱ የተደረደረው እንደ ሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደትና ከሕፃንነት ይጀምርና በጉልምስና አልፎ እስከ ሞት ይደርሳል። አያቴ በቀስታ እየተራመዱ ሁሉንም አዩ። «ሸማ ከሁሉም አለ» አሉኝ። «ሕፃን ሲወለድ በሸማ ይጠቀለላል፤ ሙሽራ በሸማ ትዳራለች፤ ሬሳም በሸማ ይገነዛል። ነጠላ እንኳ ለደስታ ሲለበስ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለሐዘን ሲለበስ ግን ጥለቱ ወደ ላይ ወደ ፊት ይመጣል። የሚያውቅ ሰው ከሩቅ አይቶ ቤቱ ምን እንደ ደረሰበት ይረዳል።»

ከአንድ አሮጌ ልብስ ፊት ለፊት ሲደርሱ ቆሙና፣ «ማን ነው የሠራው?» ብለው ጠየቁኝ። ጽሑፉን አነበብሁላቸው። የልብሱ ስም ነበር፤ የተገኘበት አገርም ነበር። «የሰው ስም የለም፣ እማማ» አልኋቸው።

አስጎብኚው ጥያቄያቸውን ሰምቶ በአክብሮት ቀረበ። «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ልብስ ሲሰበሰብ የሠሪው ስም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በየትኛውም አገር ቤተ መዘክር እንዲሁ ነው። የለበሰው ንጉሥ ስሙ ይጻፋል፤ የሸመነው ሰው ስሙ ይቀራል» አላቸው።

አያቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ግን የአያትህን ስም ታውቃለህ» አሉኝ፤ ሌላ አልተናገሩም።

በዚያን ዕለት ማታ ደብተሬን ከፍቼ ድርሰቴን ጀመርሁ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩት፤ «አያቴ ሸማኔ ነበሩ።» ከሥሩ ስማቸውን ሙሉውን ጻፍሁት። ድርሰቱንም በክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብሁት።

ሀ. የቃላት ፍቺ

ቃላቱን በምንባቡ ውስጥ በገቡበት አኳኋን ተረዱ።

መዳመጥ፤ የጥጡን ፍሬ በመዳመጫ ብረት መለየት።
ደጋን፤ ፍሬው የወጣለት ጥጥ የሚነደፍበት፣ ጅማት የተወጠረበት ጎባጣ እንጨት።
ባዘቶ፤ ተነድፎ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ።
እንዝርት፤ ጥጥ የሚፈተልበት፣ እየተሽከረከረ ክሩን የሚያከርር መሣሪያ።
ልቃቂት፤ ተፈትሎ የተጠቀለለ ክር።
ድር፤ በርዝመት የሚወጠረው ክር።
ማግ፤ በወርድ እየተመላለሰ ድሩን የሚሞላው ክር።
መወርወሪያ፤ ማጉን ይዞ በድሩ መካከል የሚመላለስ የሸማኔ መሣሪያ።
ጥለት፤ በሸማ ጠርዝ በቀለም ክር የሚሠራ ጌጥ።

ለ. ማብራሪያ

ምንባቡ ውስጥ ያለው ልጅ የአያቱን ሙያ ለመሸሸግ የፈለገበት ምክንያት ሥሩ ሩቅ ነው። በቀድሞ ዘመን ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው እየተጠሩ ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጅ አፍን ሊከለክል ይችላል፤ ልብን ለመለወጥ ግን ሠራተኛውን ማወቅ ያስፈልጋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ የሚመካ ሕዝብ ድሩን የወጠረውን ሰው ሊንቅ አይገባውም።

ሐ. የንባብ ጥያቄዎች

1. ልጁ ወደ ሸማ ተራ ሲሄድ ያልተደሰተው ለምን ነበር?
2. አያቱ ነጠላውን ገልብጠው ያዩት ምን ለማወቅ ነው? የታተመ ጥለትና የተሸመነ ጥለት በምን ይለያሉ?
3. ሽማግሌው ነጋዴ «ያልተተካልኝ ሌላ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
4. «አያቴ ነጋዴ ነበሩ» የሚለው መልስ «ፈጽሞ ሐሰት አይደለም» ተብሏል። ታዲያ ልጁን ያሳፈረው ምንድን ነው? እናንተስ በፍርዱ ትስማማላችሁን?
5. «አንተ ግን የአያትህን ስም ታውቃለህ» የሚለው ንግግር ትእዛዝ ነው፣ ተግሣጽ ነው ወይስ አደራ? ምክንያታችሁን ስጡ።
6. «ባለቤት» የሚለው ቃል በአማርኛ ከአንድ በላይ ፍቺ አለው። የንብረት ባለቤት፣ የትዳር ባለቤት፣ የዐረፍተ ነገር ባለቤት ይባላል። የትምህርቱ ርእስ ከእነዚህ የትኞቹን ያስታውሳችኋል?

መ. ሰዋስው፤ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሸማኔው ነጠላውን ሸመነ።
ነጠላው ተሸመነ።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ «ሸማኔው» ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመውም እርሱ ነው። «ነጠላውን» የሚለው ተሳቢ ነው። እንዲህ ያለው ግሥ አድራጊ ግሥ ይባላል። በሁለተኛው ግን ድርጊቱ የተፈጸመበት «ነጠላው» ወደ ባለቤትነት ስፍራ መጥቷል። ሸማኔው ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቷል። እንዲህ ያለው ግሥ ተደራጊ ግሥ ነው።

ተደራጊ ግሥ በኀላፊ ጊዜ የሚመሠረተው በግሡ መነሻ «ተ» በመጨመር ነው።

ፈተለ — ተፈተለ
ነደፈ — ተነደፈ
ዳመጠ — ተዳመጠ
ሰፋ — ተሰፋ

የግሡ ሥር በ«አ» የሚጀምር ሲሆን «ተ» እና «አ» ተዋሕደው «ታ» ይሆናሉ።

አጠበ — ታጠበ
አሰረ — ታሰረ
አተመ — ታተመ

በትንቢት ጊዜ ግን «ተ» አይታይም። በምትኩ የግሡ የመጀመሪያ ፊደል ጠብቆ ይነበባል። ስለዚህ «ጥጡ ይነደፋል» ስንል «ነ» ይጠብቃል፤ «ነጠላው ይሸመናል» ስንል «ሸ» ይጠብቃል። በጽሕፈት ስለማይታይ በንባብ ጊዜ ተጠንቀቁ።

በ«ተ» የሚጀምር ግሥ ሁሉ ግን ተደራጊ አይደለም። «ነጋዴው እንግዳውን ተቀበለ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ነጋዴው ድርጊቱን ፈጻሚ ነው፤ «እንግዳውን» የሚል ተሳቢም አለ። «ሸማኔው ተቀመጠ» በሚለውም ሸማኔው ራሱ አድራጊ ነው። ስለዚህ በመልኩ ብቻ አትፍረዱ፤ ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።

ተደራጊ ግሥ መቼ ያገለግላል? በመጀመሪያ የሥራን ቅደም ተከተል ስንዘረዝር ያገለግላል፤ «ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል» እንደሚለው። ሁለተኛ አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ ያስፈልጋል። በለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መዘክር ውስጥ በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር መንግሥት ጊዜ ከሐር የተሸመነ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አለ። ርዝመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ቅርሶች አንዱ ነው። በመጋረጃው ላይ የቤተ መንግሥት ሰዎች ምስል ተሸምኗል፤ የሸማኔዎቹ ስም ግን አልታወቀም። ስለዚህ «መጋረጃው በጎንደር ዘመን ተሸመነ» ከማለት በቀር ምርጫ የለንም።

አድራጊው በሚታወቅበት ጊዜ ግን ተደራጊ ግሥ መጠቀም የሚታወቀውን ሰው መሸሸግ ይሆናል። «ይህ ጋቢ ለአባቴ ተሠራ» የሚል ጸሐፊ፣ ጋቢውን የሠራችው ወይም የሠራው ሰው በሕይወት እያለ ስሙን ከወረቀቱ ያስወጣል። ተደራጊውን ግሥ መተው የማይቻል ከሆነም አድራጊውን በ«በ» ማስገባት ይቻላል፤ «በአያቴ የተፈተለ ጥጥ» እንደሚባለው።

መልመጃ አንድ

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ወደ ተደራጊ ግሥ ለውጡ።
1. ሴቶቹ ባዘቶውን ፈተሉ።
2. እኅቴ ነጠላዋን አጠበች።
3. ነጋዴው ሸማውን ገለበጠ።
4. ተማሪው የአያቱን ስም ጻፈ።

መልመጃ ሁለት

የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች አድራጊያቸው ተትቷል። ተስማሚ ባለቤት ሰጥታችሁ በአድራጊ ግሥ ጻፏቸው።
1. ልቃቂቱ ተጠቀለለ።
2. ድሩ ተወጠረ።
3. ቤተ መንግሥቱ ለትምህርት ተሰጠ።
4. ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛወረ።

ሠ. ተጨማሪ ምንባብ፤ በፉጂ ተራራ አንጻር ያለው ቤተ መዘክር

የሸማና የልብስ ጥበብን የሚያከብሩ ቤተ መዘክሮች በልዩ ልዩ አገሮች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በጃፓን አገር፣ የፉጂ ተራራ በሚታይበት በካዋጉቺ ሐይቅ ዳርቻ ይገኛል። ጎብኚው ወደ ሕንፃው የሚደርሰው በዛፍና በድንጋይ በተዋበ የአትክልት ስፍራ መካከል አልፎ ነው። ቤተ መዘክሩ በ1994 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ያቋቋመውም ኢትቺኩ ኩቦታ የተባለ ቀለም ነካሪ ባለሙያ ነው።

ኩቦታ የተወለደው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። በ20 ዓመቱ በቶኪዮ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ውስጥ የአንድ አሮጌ ጨርቅ ቁራጭ አየ። ጨርቁ የተሠራው ጹጂጋሃና በሚባል ጥበብ ነበር። በዚህ ጥበብ ጨርቁ በመርፌ እየተሰፋና በክር እየታሰረ ቀለም ውስጥ ይነከራል። የታሰረው ስፍራ ቀለም ስለማይገባው፣ ክሩ ሲፈታ አበባና ቅጠል ሆኖ ይታያል። ጥበቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ተረስቶ ስለ ነበር፣ ኩቦታ የሚያስተምረው ሰው አላገኘም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ በሳይቤሪያ ታሰረ። ከምርኮ ተመልሶ ለብዙ ዓመታት ብቻውን ሞከረ። ሥራዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየው በ1977 እ.ኤ.አ.፣ 60 ዓመት ሲሞላው ነው።

ከሥራዎቹ ዋናው «የብርሃን ሲምፎኒ» የተባለው ነው። ኪሞኖ የሚባሉት የጃፓን ልብሶች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ የአንዱ ሥዕል ከሌላው እየቀጠለ፣ የመከርና የክረምት ወራት የሚፈራረቁበት አንድ ሰፊ መልክዓ ምድር ይሆናሉ። ኩቦታ 80 ኪሞኖዎችን ለመሥራት ዐቅዶ ነበር፤ ሳይፈጽመው በ2003 እ.ኤ.አ. ሞተ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር አስተውሉ። ኩቦታ ዕድሜውን የፈጀው የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ ነው። ያየው ቁራጭ ጨርቅ እንጂ አፍ ያለው መምህር አይደለም። በእኛ አገር ግን ሸማኔው ዛሬም ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጧል፤ ፈታይዋም በብዙ ቤት ውስጥ አለች። ጥያቄ ብንጠይቃቸው ይመልሱልናል።

የመወያያ ጥያቄ፦ ኩቦታ በቤተ መዘክር ያገኘው ቁራጭ ጨርቅና ሽማግሌው ነጋዴ በልባቸው የያዙት ዕውቀት በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ? ከሁለቱ በቶሎ የሚጠፋው የትኛው ነው?

ረ. ድርሰት፤ የጉብኝት ድርሰት አጻጻፍ

የጉብኝት ድርሰት ለመጻፍ የሚከተሉትን ደረጃዎች ጠብቁ።

ከጉብኝቱ በፊት። የምትጎበኙትን ነገር ወስኑ፤ ስፋቱንም አጥብቡ። «መርካቶ» እጅግ ሰፊ ርእስ ነው። «ሸማ ተራ» ይሻላል፤ «አንድ ነጠላ እንዴት እንደሚመረጥ» ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው። ቢያንስ አምስት ጥያቄዎችን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

በጉብኝቱ ጊዜ። ዐይናችሁን ብቻ አትመኑ፤ ድምፁን ስሙ፤ ሲፈቀድላችሁ ዳስሱ፤ ሠራተኛውን ጠይቁ። የመሣሪያውን ስም ባለሙያው እንደሚጠራው ጻፉ። የሠራተኛውን ስም ስትጽፉ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁ።

ከጉብኝቱ በኋላ። ማስታወሻችሁን አንብባችሁ ከሁሉ በላይ ያስደነቃችሁን አንድ ነገር ምረጡ። ድርሰቱ ወደዚያ ነገር እንዲያመራ አድርጉ። የማይረዳውን ሁሉ፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ተዉት።

አሁን ሁለት አንቀጾችን አነጻጽሩ።

የመጀመሪያው፦ «ወደ ሸማ ተራ ሄድን። ብዙ የሚያማምሩ ሸማዎች ተደርድረዋል። ሸማዎቹ በጣም ያምራሉ። የአገራችን ባህል ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባል።»

ሁለተኛው፦ «አያቴ ነጠላውን ተቀብለው ገለበጡት። የፊቱን አበባ አላዩትም፤ የተመለከቱት ጀርባውን ነበር።»

የመጀመሪያው ጸሐፊ «ያምራሉ» ይላል እንጂ ምን እንደሚያምር አያሳይም። «ሊጠበቅ ይገባል» ይላል፤ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ግሡ ተደራጊ ስለሆነ ኀላፊነቱ በማንም ላይ ሳይወድቅ ቀርቷል። ሁለተኛው ጸሐፊ አንዲት ሴት አንድ ነገር ስታደርግ አሳየን። ከዚያ ድርጊት ብዙ ነገር እንረዳለን፤ አያቱ ባለሙያ እንደ ሆኑ፣ የፊት ውበት እንደማያታልላቸው፣ ልጁም ማየት የጀመረው ከእርሳቸው ተምሮ እንደ ሆነ። እናንተም የምትጽፉትን ነገር ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት።

የቤት ሥራ

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ከ250 ቃላት ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።

1. በቤታችሁ ውስጥ የሚገኝ አንድ የእጅ ሥራ፣ ለምሳሌ ጋቢ፣ መሶብ፣ ጀበና ወይም በርኖስ፣ ማን እንደ ሠራውና እንዴት ወደ ቤታችሁ እንደ ገባ።
2. በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ ባለሙያ፣ ከሥራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው።
3. በአንድ ቤተ መዘክር ያያችሁት፣ ሠሪው ያልታወቀ አንድ ዕቃ። ሠሪውን ብታገኙት ኖሮ ምን ትጠይቁት ነበር?

ድርሰቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ግሦቹን አንድ በአንድ መርምሩ። ተደራጊ ግሥ ባገኛችሁበት ስፍራ ሁሉ፣ «የዚህ ሥራ ባለቤት ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የምታውቁ ከሆነ ጻፉት። የማታውቁ ከሆነ ደግሞ በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ፈልጉና ሳይዘገይ ጠይቁ። የሰማችሁትን ስም በድርሰታችሁ መጨረሻ አስፍሩት።